ከራጉኤል እስከ ራጉኤል

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ፤ የሁለቱን ራጉኤሎች ነገር ላወጋችሁ ነው።

አንዱ ራጉኤል እላይ ነው፤ እንጦጦ አናት ላይ። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን እዚያ ብርድ ላይ ባደረጉበት ዘመን የተተከለ ደብር ነው። ሌላው ራጉኤል እታች ነው፤ መርካቶ መሐል። ታላቁ አንዋር መስጊድ ጎረቤቱ ነው። ገና ሳይነጋ አዛኑና ቅዳሴው በአንድ ሰማይ ሥር ይሰማሉ፤ ወዲያው ደግሞ የአይሱዙው ጥሩንባ፣ የተሸካሚው «ዘወር በሉ! ዘወር በሉ!»፣ የታክሲ ረዳቱ ጥሪ ይከተላል። የላይኛውን ራጉኤል ዛፍ ከቦታል፤ የታችኛውን ሱቅ።

ከላይ ወደ ታች ብዙ ነገር ይወርዳል። ውኃው ይወርዳል። የእንጦጦ እናቶች ጀርባቸው እስኪጎብጥ የተሸከሙት ቅጠልና ጭራሮ ይወርዳል። መስከረም ሲጠባ አደይ አበባው በእቅፍ እየታሰረ ይወርዳል። ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ወጌ ከታች ወደ ላይ መውጣት ስላለባቸው ሰዎች ነው፤ ስለ መርካቶ ልጆች።

መርካቶን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ከራጉኤል ደጅ ተነሥታችሁ ከእኔ ጋር ጥቂት ተራመዱ። በርበሬ ተራን ሳያስነጥስ ያለፈ ሰው የለም። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ በሶብላው፣ ኮሰረቱ፣ ጦስኙ የጆንያውን አፍ ገልብጦ ገዢ ይጠብቃል። ጌሾው በእስር በእስር ተቆልሏል። ወይራውና ጥንጁቱ ለማጠኛ ተቆራርጦ ተደርድሯል። አጣና ተራ ባሕር ዛፉ ልጡን ተልጦ ቆሟል። እህል በረንዳ ጤፉ፣ ስንዴው፣ ሽምብራው፣ ተልባው በኩንታል ይራገፋል። የባህል መድኃኒት ሱቅ ስትገቡ ደግሞ እንቆቆው፣ ኮሶው፣ እንዶዱ፣ ቀበርቾው፣ ፌጦው፣ ስሙን የማታውቁት ሥርና ቅጠል ሁሉ በትንንሽ ጣሳ ተሰፍሮ ታገኙታላችሁ። ከደጋ እስከ ቆላ፣ ከከፋ ጫካ እስከ መንዝ ጉራንጉር፣ የኢትዮጵያ ዕፅዋት መርካቶ ይገናኛሉ። የሚገናኙት ግን ደርቀው፣ ተቆርጠው፣ ተፈጭተው ነው።

በዚህ መካከል የሚያድግ ልጅ ሞኝ እንዳይመስላችሁ። ኮረሪማውን በጥርሱ ሰበር አድርጎ አሽትቶ የከረመውን ከዘንድሮው ይለይላችኋል። በርበሬው ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት እንደሆነ በጣቱ አሽቶ ያውቃል። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ የፆም ሰሞን የቱ ይወደዳል፣ ሁሉም በራሱ ውስጥ አለ። ነገር ግን ኮረሪማ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንደሚበቅል፣ ፍሬውም ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ከግንዱ ሥር እንደሚወጣ፣ ጫካው ከተመነጠረ ኮረሪማውም አብሮ እንደሚሄድ የነገረው የለም። የሚነግረው ሰው ቢገኝም የሚያሳየው አላገኘም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከእነዚህ የመድኃኒት ሱቆች ባንዱ በር ቆሜ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ዩኒፎርም የለበሰ፣ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል የሚሆን ልጅ ደብተሩን ይዞ መጣ። አገር በቀል ዛፎችን ጻፉ ተብሎ የቤት ሥራ ተሰጥቶታል።

«እማማ፣ ኮሶ ዛፍ ነው እንዴ?»

«አዎ ልጄ፤ ያውም ትልቅ ዛፍ!»

«የት ነው ያለው?»

ሴትዮዋ ዞር ብለው ጆንያዎቻቸውን አዩ። «እኔ እንግዲህ ስሸጠው የኖርኩት በጆንያ እየመጣልኝ ነው። ዛፉን ያየሁት ልጅ ሆኜ፣ አገሬ እያለሁ ነው።»

«አገርዎ የት ነው?»

«መንዝ።»

«አሁንም አለ?»

«ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አለ ይላሉ። ውጭ ያለውንማ ለሳንቃ ጨረሱት።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ደብተሩን አጮልቄ አየሁት፤ «ኮሶ፣ ዛፍ ነው፣ መንዝ» ይላል። ሴትዮዋ ከጣሳው ቆንጠር አድርገው የደረቀ አበባ በጋዜጣ ጠቀለሉለትና «እንካ፣ ለአስተማሪህ አሳያት» አሉት። ልጁ አመስግኖ ወደ ግፊያው ገባ። እኔ ግን ጥያቄው ከጆሮዬ አልወጣ አለ። የት ነው ያለው?

ይህን ለመመለስ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይለናል።

አባቶቻችን ስለ ደን ምንም አያውቁም ነበር የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወደ መናገሻ ሱባ ውሰዱት። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የጽድ ደን ታሪኩ እስከ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ድረስ ይቆጠራል። በ15ኛው መቶ ዘመን ንጉሡ የጽዱን ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው ተራራውን አስተከሉ ይባላል። ከዚያ በኋላ የመጡ ነገሥታትም ደኑን በአዋጅ አስጠብቀዋል። በአፍሪካ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ካላቸው ጥብቅ ደኖች አንዱ ተብሎ የሚጠራው ይኸው ነው። ዛሬም ከመርካቶ ተነሥታችሁ በግማሽ ቀን ትደርሱበታላችሁ።

እንጦጦ ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም። ቤተ መንግሥት ሲሠራ፣ ሠራዊት ሲሰፍር፣ ግብር ሲገባ፣ በየቤቱ እሳት ሲነድ ተራራው ተራቆተ። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውኃው ወርደው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ችግሩ አብሮ ወረደ። ከተማዋ በሰፋች ቁጥር ማገዶው ራቀ፤ ኋላም አልቆ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደረሱ። አዲስ አበባን ከመፍረስ ያዳናት ከአውስትራሊያ ዘሩ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ ሲገባ የፈረንሳዊው የሞንዶን ቪዳይሌ ስም ይነሣል። ባሕር ዛፍ ለተከለ ሰው የመሬት ግብር ቀለል ተደረገለት፤ ዛፉም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተራራውን ወረሰ። ቢቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ለማገዶ ይሆናል፤ ለቤት ይሆናል። ባለውለታችን ነው፤ ይህን መካድ ነውር ይሆናል። ሆኖም ውኃውን አጥብቆ ይስባል፤ ሥሩም ሌላውን ተክል እንደ ልቡ አያበቅልም። ተራራው አረንጓዴ ሆነ፤ ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው፣ ዝግባው ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሸሸ።

መርካቶም የመጣው ከዚህ ዘመን ብዙም ሳይርቅ ነው። የከተማው ገበያ መጀመሪያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባን በ1928 ዓ.ም. ሲይዝ ነጩን ከሐበሻው ለይቼ አኖራለሁ ብሎ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው። የገፋው ሰው በአምስት ዓመቱ ተባረረ፤ ገበያው ግን ሥር ሰደደ። ቦታው ወርቅ ሆነ። ወርቅ በሆነ መሬት ላይ ማን ዛፍ ይተክላል? ሱቅ በሱቅ ላይ፣ ፎቅ በፎቅ ላይ ተሠራ፤ የዛፍ ጥላ ሲያምራችሁ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ትገባላችሁ። የመድኃኒት ሱቋ እናት «ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አለ ይላሉ» ያሉት ለመንዝ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ልጁ ዛፉን ቆሞ ሊያይ ወደሚችልበት ቦታ፣ ወደ ዕፅዋት አትክልት ስፍራ እንምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1545 በጣሊያን አገር፣ በፓዱዋ ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲው አንድ የአትክልት ስፍራ ከፈተ። ምክንያቱን ስትሰሙ መርካቶ ትዝ ይላችኋል። በዚያ ዘመን መድኃኒቱ ሁሉ ከቅጠልና ከሥር የሚቀመም ነበር። ነጋዴው አንዱን ሥር በሌላው ስም ይሸጣል፤ ሐኪሙም ደርቆና ተቆራርጦ የመጣለትን ብቻ ስለሚያውቅ ይሳሳታል፤ በሽተኛው ይሞታል። ስለዚህ ተማሪዎቹ እያንዳንዱን ተክል በሕይወት ቆሞ፣ ቅጠሉን አውጥቶ፣ አብቦ፣ አፍርቶ እንዲያዩት ግቢ ተሠራላቸው። ያ ግቢ እስከ ዛሬ እዚያው ቦታው ላይ አለ። ዓለም ላይ ያሉት የዕፅዋት ማዕከሎች ብዙዎቹ የዚያ ልጆች ናቸው። መነሻቸው ሽርሽር አልነበረም፤ ወጣቶች የሚሸጠውን ነገር ከነሕይወቱ እንዲያውቁት ነበር።

እኛም አለን። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልን አቋቁመዋል። ቦታው በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ፣ በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተሞች በኩል፣ ያው የእንጦጦ ሰንሰለት ላይ ነው። ስፋቱ 705 ሄክታር ነው፤ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ያልፋል። ሲቋቋም አራት ሥራ ተሰጠው፤ ዕፅዋትን መጠበቅ፣ ምርምር፣ የአካባቢ ትምህርትና ቱሪዝም። ከሥራዎቹ ሁሉ ትልቁ ተራራውን የወረሰውን ባሕር ዛፍ ቀስ በቀስ እየለቀሙ አገር በቀሉን መመለስ ነው። ማዕከሉን ከመሩት አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርም አብረው፣ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት አንድ በአንድ ለቅመው በመጽሐፍ አሰፈሩ። ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ድረስ ፈጀ፤ ወደ ስድስት ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎች ተመዘገቡ፤ ከአሥሩ አንዱ ያህል ሌላ አገር የማይገኝ የራሳችን ነው። ሠላሳ ዓመት የፈጀ ሥራ ነው፤ እኔ ይህን ሳስብ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ግን መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ያ የራጉኤል ልጅ አያነበውም። ሊያነብ የሚችለው ተራራው ላይ የቆመውን ዛፍ ነው።

ኮሶን ቆሞ ያየ ልጅ ምን ይማራል? ላሳያችሁ። ግንዱ ቀላ ይላል፤ ልጡ እየተቀረፈ ይወድቃል። ቅጠሉ አንድ ዘንግ ላይ ግራና ቀኝ የተሰካ፣ ዳርዳሩ እንደ መጋዝ የተጠረሰ ነው። ገልብጦ ከሥሩ ቢያየው ብርማ ጠጉር አለው። ከዚያ አበባው አለ፤ ከቅርንጫፉ ጫፍ ዘለላ ሆኖ ይንጠለጠላል። እዚህ ላይ አስጎብኚው ቆም ማለት አለበት። ምክንያቱም ኮሶ ወንድና ሴት አለው። የወንዱ አበባ ወደ ብርቱካንማና ነጣ ያለ ነው፤ የሴቷ ቀይ ነው። መርካቶ በጣሳ የሚሰፈረው የሴቷ ነው። እንግዲህ ልጁ ራሱ ይጠይቅ። አበባውን ሁሉ ለቅመን ከሸጥነው ዘሩ ከየት ይመጣል? ሴቲቱን ለሳንቃ ቆርጠን ወንዱን ብንተወውስ? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ ብታነቡለት ይረሳዋል። አበባውን በእጁ ይዞ ከጠየቀው ግን የቤት ሥራ መሆኑ ይቀርና የራሱ ነገር ይሆናል።

ዐይን ከተከፈተ የሚሆነውን ታውቃላችሁ? የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1964 ገና ወጣት ተመራማሪ ሳሉ ዓድዋ ነበሩ። ሴቶች ወንዝ ዳር ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ አዩ። እንዶድ ያኔም ዛሬም መርካቶ ይሸጣል፤ እናቶቻችን ሳሙና ሳይመጣ ነጠላቸውን ያነጡበት ነው። አክሊሉ ግን ጠጋ ብለው ውኃውን አዩ። ከማጠቢያው በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። የብልሃርዝያን ጥገኛ ትል የምታስተላልፈው ያች ቀንድ አውጣ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድሜያቸውን እንዶድን በማጥናት አሳለፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ያንኑ ዓመት ያንኑ ሽልማት የተቀበለ ሌላም ኢትዮጵያዊ አለ፤ ዶክተር መላኩ ወረደ። እሳቸው ደግሞ የእህል በረንዳ ጉዳይ ናቸው ብል ያስኬዳል። የገበሬው ዘር በድርቅና በመጤ ዘር እንዳይጠፋ ሲሰበስቡና ሲያስቀምጡ የኖሩ የዘር ባንክ መሪ ነበሩ። በ1977ቱ ድርቅ ረሃብ የጠናበት ገበሬ የዘር እህሉን ሳይቀር ሲበላ፣ ያ ዘር እንዳይጠፋ የታገሉ ሰው ናቸው። ሁለቱም ሥራቸውን የጀመሩት ሰው ሁሉ በየቀኑ እያየ ከሚያልፈው ነገር ነው። መርካቶ ውስጥ በየጆንያው ፊት የሚያልፍ ልጅ ደግሞ ከማንም በላይ ብዙ ነገር ያያል። አክሊሉ የሚሆን ልጅ ዛሬም በርበሬ ተራ ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ።

ልጆችን ወደ ደን ይዞ መውጣት በእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። መልካ ኢትዮጵያ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ «ሰኚ» በሚለው ፕሮግራሙ ወጣቶችን ወደ ደን እየወሰደ ከአገር ሽማግሌዎች አፍ እንዲሰሙ ሲያደርግ ቆይቷል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም በትምህርት ቤቶች የተፈጥሮ ክበባትን ደግፏል። በቅርቡ ደግሞ ከተማችን የአንድነት፣ የወዳጅነትና የእንጦጦ ፓርኮችን አግኝታለች። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ ተማሪው ሁሉ ጉድጓድ ሲቆፍር ነበር። መልካም ነው። ሆኖም ችግኝ መትከል የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ ማሳደጉ ዓመታት ይፈልጋል። የተከለውን ዛፍ ስም የማያውቅ ልጅ በጥር ሐሩር ውኃ ሊያጠጣው አይመለስም። ስሙን፣ ጥቅሙን፣ ከየት እንደመጣ ሲያውቅ ግን ሳይላክ ይመለሳል። ፓርኩም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ናይሮቢ ውስጥ ኡሁሩ በሚባለው መናፈሻ ላይ ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊቆም ሲል ኬንያዊቷ የአካባቢ ተሟጋች ዋንጋሪ ማታይ ተነሥታ «ይህ የሕዝብ ነው» አለች፤ ተሰደበች፤ ግን ሕንፃው ቀረ። መናፈሻን የሚጠብቀው አጥር አይደለም፤ ልጅ ሆኖ የተጫወተበትና የተማረበት ሰው ነው።

ስለ ተራራው ብዙ አወራሁ፤ ስለ ታችኛው ራጉኤልም ትንሽ ልበል። ከተራራው የወረደው ውኃ መርካቶ አካባቢ ሲደርስ ምን ይገጥመዋል? ፌስታል። ክረምት ዝናብ ሲጥል ቱቦው ይዘጋል፤ ጎርፉ ሱቅ ይገባል። ከሱቅ የተረፈው ወደ ትንሹ አቃቂ ገባሮች ይሄዳል፤ ትንሹ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ከትልቁ አቃቂ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ አዋሽ ነው። በመንገዱ ላይ በዚያው ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ተመልሶም ገበያችን ይመጣል። መርካቶ የጣለውን መርካቶ ይበላዋል። ውኃ ያልወሰደው ደግሞ ወደ ከተማዋ ቆሻሻ መጣያ፣ ወደ ቆሼ ተጓዘ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ይህን ልጆች መስማት አለባቸው። ቀጭን ፌስታል በ1999 ዓ.ም. አዋጅ ተከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ የሚከለክል አዋጅ ጸድቋል። አዋጁን ከመርካቶ ልጅ በላይ ሊያስፈጽም የሚችል የለም፤ ዘንቢሉም፣ ጆንያውም፣ የወረቀት ከረጢቱም የሚሸጠው በእሱ ሠፈር ነው።

ደግሞም መርካቶ የራሱ የአካባቢ ጥበቃ መምህራን አሉት። ምናለሽ ተራ ሂዱ። ቁራሌው ከየሠፈሩ በልዋጭ የሰበሰበው ጄሪካን፣ ጣሳ፣ ብረት፣ ጠርሙስ እዚያ ይደርሳል። የቅባት በርሜል ሲቀጠቀጥ ውሎ ምድጃ ይሆናል፤ የወተት ጣሳ ኩራዝ ይሆናል፤ የተጣለው ሁሉ እንደገና ዋጋ ያወጣል። ዓለም ዛሬ በየጉባኤው የሚሰብከውን እነዚህ ሰዎች ስም ሳያወጡለት ሲሠሩት ኖረዋል። የአካባቢ ክበብ ያለው ትምህርት ቤት መጀመሪያ ሊጋብዛቸው የሚገባው እንግዶች እነሱ ናቸው። ከእነሱ የተገዛ አሮጌ ጄሪካን ወገቡን ቆርጣችሁ፣ ሥሩን በስታችሁ፣ አፈርና ፍግ ብትሞሉት ጤና አዳም ይበቅልበታል። በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጦስኝ ይበቅልበታል። መሬት የለንም የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ ያበቃል። የጄሪካን አትክልት ስፍራ ለአዲስ ከተማም ለሰባተኛም ለአብነትም ልጆች ይሆናል።

የመርካቶው ራጉኤል የሚነግሠው መስከረም 1 ቀን ነው፤ እንቁጣጣሽ። በዚያ ዕለት አበባየሆሽ የሚሉ ሴት ልጆች በየደጁ ይዞራሉ፤ አደይ አበባው በየመንገዱ ተዘርግቶ ይሸጣል። አደይ በየዓመቱ ከዘሩ የሚበቅል አበባ ነው። ሳያፈራ ከነሥሩ ከተነቀለ ለከርሞ የለም። ገዢው ይህን አያውቅም፤ ሻጯም ብዙ ጊዜ አታውቅም። ጉለሌ ላይ አደይ የሚያብብበት መስክ በመስከረም ውስጥ ለልጆች ቢታይ፣ ዘሩ ሲበስልም በጥቅምት ተመልሰው ቢለቅሙት፣ በክረምት በየጄሪካናቸው ቢዘሩት፣ የሚቀጥለውን እንቁጣጣሽ ራሳቸው ባበቀሉት አበባ ይዘፍኑ ነበር።

እንግዲህ የምለምነው ይህን ነው። አስተማሪዎች ሆይ፣ «አገር በቀል ዛፎችን ጻፉ» ከማለታችሁ በፊት ልጆቹን ወደ በርበሬ ተራና ወደ መድኃኒት ሱቆቹ ውሰዷቸው፤ እማማን ይጠይቁ። ከዚያ ወደ ጉለሌ አውጧቸው፤ የጠየቁትን ቆሞ ይዩት። የዕፅዋት ማዕከሉ ሰዎች፣ በየዛፉ ሥር ከምታቆሙት ሰሌዳ ላይ ከሳይንሳዊ ስሙ በላይ «መርካቶ የሚሸጠው አበባ የዚህ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ወጪ ይበዛል እንዳትሉ፤ ለመርካቶ ነጋዴ የአንድ አውቶቡስ ኪራይ ከባድ አይደለም፤ ከተራራው የሚያገኘውን እያሰበ ይክፈል። ወላጆችም ልጆቻችሁን ለጉብኝት ሲጠየቁ «ገበያ ነው፣ ሱቅ ማን ይጠብቃል» ብላችሁ አትከልክሉ። ሱቁ አንድ ቀን ቢዘጋ ይከፈታል። የመጨረሻዋ ሴት ኮሶ ከተቆረጠች ግን ሱቁ የሚሸጠው አይኖረውም።